የተዛነፈው ማነጣጠሪያ

ሰው ከአባቶቹ ከሚረከበው ዕቃ መካከል አንዳንዱ ታሪኩን ከሩቅ ያስነብባል፤ አንዳንዱ ግን ቀርበው ካልመረመሩት አይናገርም። ጋሻና ጦር በግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሲታዩ የማን እንደ ነበሩና ለምን እንደ ዋሉ ለመናገር ብዙ ድካም አያስፈልግም። ትንሽ የብረት መሣሪያ ግን ታሪኩ የሚጻፍበት በጭረት፣ በዝገትና በመዶሻ ምልክት ስለ ሆነ፣ ሊያነበው የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ብረቱ ማቅረብ፣ እጁንም ከችኮላ መግታት ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው በአንድ አሮጌ ሽጉጥ ላይ ተጣብቆ አልወጣም ስላለ የኋላ ማነጣጠሪያ ነው። ነገሩ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ የብረት ቁራጭ ቢሆንም፣ ቤተ ሰባችንን ለሁለት ዓመት ያህል ሲያከራክር የቆየ ስለ ሆነ፣ ለአንባብያን ብናካፍለው ከጥቅም የራቀ አይሆንም ብለን አምነናል።

ሽጉጡ በኢጣልያ አገር፣ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የሚገኘው የቤሬታ ፋብሪካ የሠራው፣ «1934» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ነው። ፋብሪካው እጅግ ጥንታዊ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1526 ለቬኒስ መንግሥት የጠመንጃ አፈሙዝ ማቅረቡን የሚመሰክር ሰነድ አለው። የ1934ቱ ሽጉጥ ለኢጣልያ ሠራዊት መኮንኖች የታደለ ነው፤ አጭሩን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ በካዝናውም 7 ጥይት ይይዛል። ጎኑ ላይ የተሠራበት ዓመት ተቀርጾ፣ ከዓመቱም ቀጥሎ የፋሺስቱ መንግሥት የራሱን ዘመን የሚቈጥርበት የሮማውያን አኃዝ ይከተላል። በእኛ ቤት ባለው ሽጉጥ ላይ በአውሮፓ አቈጣጠር 1937፣ ከዚያም በሮማውያን አኃዝ 15 ተብሎ ተጽፎበታል። ዘመኑን የቈጠረው መንግሥት አልፎ፣ ቍጥሩ ብቻ በብረቱ ላይ ቀርቷል።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ አያታችን በተጉለት ገደላ ገደል ከአርበኞች ጋር ነበሩ። ሽጉጡን በአንድ የሌሊት ውጊያ ከጠላት መኮንን እንደ ማረኩት፣ ከአንደበታቸው የሰሙት ልጃቸው፣ ማለት አጎታችን፣ ይነግሩናል። ነፃነት ከተመለሰበት ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከራስጌያቸው አልተለየም። ከእርሳቸው በኋላ ለአጎታችን ተላለፈ፤ አጎታችንም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ሲወጣ፣ እንደ ሕጉ ፈቃድ ይዘውበት በቍልፍ ያስቀምጡታል።

ይህ ሽጉጥ በቤተ ሰቡ ዘንድ አንድ ነውር ነበረው። የኋላ ማነጣጠሪያው በመሐል መቀመጥ ሲገባው ወደ ቀኝ ተዛንፎ ይታያል። ከልጅነታችን ጀምሮ «ጠማማው» የሚለው ስም የወጣለት ስለዚሁ ነው። አንዳንዶቹ ወድቆ የተዛነፈ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹም አያታችን የብረት ሥራ ሳያውቁ ነካክተው ያበላሹት ነው እያሉ ይሥቁ ነበር። አጎታችን በዚህ ሣቅ ደስ አይላቸውም ነበር፤ ዳሩ ግን የሚመልሱት ቃል አልነበራቸውም። የአባታቸው ስም በአርበኝነቱ እየተነሣ ሲመሰገን፣ መሣሪያቸው ግን መሣቂያ ሲሆን መስማት ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት እርጥበት በሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ከማነጣጠሪያው ሥር ቀይ ዝገት ብቅ ማለት ጀመረ። ክርክሩም የዚያን ጊዜ ተነሣ። አጎታችን «ወጥቶ ይጠረግ፤ ሲመለስም በመሐል ቀጥ ብሎ ይቀመጥ» አሉ። በብረታ ብረት ሥራ የሚተዳደር አንድ የአክስታችን ልጅ፣ በመዶሻ ቢመታ ንቅንቅ እንዳላለ አይቶ፣ በመጋዝ ቈርጦ በሞረድ ሞርዶ ማውጣትና ሌላ አዲስ መግጠም ይሻላል አለ። ታላቋ አክስታችን ግን «የአባቴ እጅ የነካውን ማንም አይነካውም» ብለው ከለከሉ። ሁሉም በየበኩላቸው እውነት ነበራቸው። ዝገት ቢተዉት ብረቱን ይበላዋል፤ ቢቈርጡት ደግሞ የተቈረጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።

ነገሩን አንባቢ በሚገባ እንዲረዳው፣ ማነጣጠሪያው እንዴት እንደሚገጠም አስቀድመን እንገልጻለን። ሽጉጥ ሲያቀባብሉት ወደ ኋላ የሚሳብ የላይኛው አካል አለው፤ እርሱን በዚህ ጽሑፍ ተንሸራታቹ እንለዋለን። በተንሸራታቹ ጀርባ ላይ፣ በስተኋላ በኩል፣ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ቦይ ተቈፍሯል። ቦዩ ከላይ ጠበብ፣ ከሥር ሰፋ ያለ ነው፤ አናጢ የመሳቢያ ሳንቃ ሲያጋጥም የሚፈለፍለውን ዓይነት ይመስላል። የማነጣጠሪያው እግርም በዚያው ልክ ከሥር ሰፍቶ ስለ ተሠራ፣ ወደ ላይ ቢስቡት አይነቀልም፤ መግቢያውም መውጫውም በጎን ብቻ ነው። የሚይዘው ምስማር ወይም ብሎን የለም። ቦዩ ከእግሩ በጥቂቱ ስለሚጠብ፣ በግፊት ይገባና በራሱ ጥበት ታስሮ ይቀራል። በዚህ ጥበት ላይ የሰማንያ ዓመት አቧራ፣ የደረቀ ዘይትና ዝገት ሲጨመርበት፣ ሁለቱ ብረቶች አንድ ሆነው የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ ይያያዛሉ።

የቦታው መዛነፍ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ደግሞ በሒሳብ ማየት ይቻላል። የኋላውን ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ቢገፉት፣ ጥይቱ የሚመታው ቀድሞ ከሚመታው ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ ቢገፉትም ወደ ግራ ነው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች 12 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የኋላው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ሲሄድ፣ በ15 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ምት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ፈቀቅ ይላል። እንዲህ ያለ ትንሽ ስሕተት ምቱን ከታለመበት ስፍራ ያርቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ጠማማው» የሚለው ሣቅ ቀላል ሣቅ አልነበረም፤ አርበኛው ሲተኵሱ ይስቱ ነበር እንደ ማለት ነበር።

ክርክሩ እንዲህ ሲጓተት ከቆየ በኋላ፣ በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ለብዙ ዘመን ካገለገሉና ዛሬም በፈቃድ ከሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሽጉጡ ቀረበ። እኛም ከአጎታችን ጋር ሄደን ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማየት ዕድል አገኘን። አዛውንቱ ሽጉጡን ሲቀበሉ ስለ ማነጣጠሪያው አንድ ቃል አልጠየቁም። በመጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደ ሌለበት አዙረው ካዝናውን አወጡ፤ ተንሸራታቹን ስበው የጥይት መጉረሻውን በዓይናቸው አዩ፤ ቀጥሎም በትንሽ ጣታቸው ዳሰሱት። አጎታችን «ባዶ ነው፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ማየትዎን አምናለሁ፤ ነገር ግን የእርስዎ ማየት ለእኔ ጣት አይበቃውም» ብለው መለሱላቸው። ከዚያም አፈሙዙን አውጥተው ተንሸራታቹን ከአካሉ ለዩ፤ ለሥራው የሚያስፈልገው እርሱ ብቻ ነበርና።

በዚያ ቀን መዶሻ አልተነሣም። አዛውንቱ ነጭ ጋዝና ቀጭን የሞተር ዘይት ቀላቅለው በቦዩ ግራና ቀኝ አንጠባጠቡ፤ ተንሸራታቹንም በጨርቅ ጠቅልለው በጎኑ አስተኙት። «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ» አሉን። አጎታችን መንገዱ ሩቅ ነውና ዛሬውኑ ቢያልቅልን ብለው ሲለምኗቸው፣ ዘይት በብረትና በብረት መካከል የሚገባው እየተሳበ በገዛ ጊዜው እንጂ በሰው ፈቃድ አለመሆኑን አስረዷቸው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአባቶች ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሥራ ላይ ሲውል ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ፣ አዛውንቱ የላላውን ዝገት በጥርስ ብሩሽ ጠርገው፣ ማጉያ መነጽር አድርገው ብረቱን ሲመለከቱ አገኘናቸው። ወዲያው አጎታችንን ጠርተው መነጽሩን ሰጧቸው። ዝገቱ ከለቀቀበት ስፍራ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛው፣ ከማነጣጠሪያው እግር ላይ ተነሥቶ ወደ ተንሸራታቹ የሚያልፍ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመርፌ ጭረት ነው፤ በሁለቱ ብረቶች ላይ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው፣ በቦዩ ጠርዝ ላይ በሹል ብረት ተመትተው የተበጁ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ናቸው፤ የተጨፈለቀው ጠርዝ በማነጣጠሪያው እግር ላይ ተኝቶ እንደ ቍልፍ ይዞታል።

አዛውንቱም እንዲህ አሉ፦ «ይህ የወደቀ ዕቃ አይደለም። ወድቆ የተዛነፈ ቢሆን፣ ጭረቱ በሁለት ተሰብሮ አንዱ ወደ ቀኝ በሄደ ነበር። አንድ ሰው አስቦ ወደ ቀኝ ገፍቶታል፤ ቦታውን ሲያገኝ በመርፌ ምልክት አድርጎበታል፤ ዳግመኛ እንዳይንቀሳቀስም ቈልፎታል። ይህ ሽጉጥ ለአንድ እጅ የተበጀ ነው። ይህን የያዘው ሰው ሲተኵስ ጥይቱ ወደ ግራ ይሄድበት ነበር። አባትዎ እጃቸውን ተጐድተው ነበርን?»

አጎታችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በሌባ ጣታቸው ላይ፣ ከመካከለኛው አንጓ በላይ፣ በግራ እጃቸው ምልክት አሳዩ። አያታችን ከዚህ በላይ ጣት አልነበራቸውም፤ ሽጉጡ ከመማረኩ ጥቂት ቀደም ብሎ የጥይት ፍንጣሪ ወስዶታል። ይህንን በቤተ ሰቡ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጽዋ ሲያነሡ፣ ዳዊት ሲገልጡ ያን የጐደለ ጣት እናየው ነበር። ነገር ግን ጣቱንና ማነጣጠሪያውን አንድ ላይ አድርጎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። አዛውንቱ እንደ አስረዱን፣ በሌባ ጣት ፈንታ በመሐል ጣት ምላጭ የሚስብ ሰው ግፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ በመምጣት ፈንታ በጎን ስለሚያርፍ፣ ቀኝ እጅ የያዘው አፈሙዝ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ይገፋል። አያታችን ጣታቸውን መመለስ አልቻሉም፤ ስለዚህ ብረቱን ወደ ጣታቸው አመጡት።

«ታዲያ ቀጥ ላድርገውን?» ብለው አዛውንቱ ጠየቁ። አጎታችን «ጥረጉትና ወደ ነበረበት መልሱት» ብለው መለሱ። ሁለት ዓመት የፈጀው ክርክር በዚህ አንድ ቃል አለቀ።

የማውጣቱም ሥራ ተጀመረ። አዛውንቱ በመጀመሪያ ተንሸራታቹን በሞርሳ አሰሩት። የሞርሳው ጥርስ ብረቱን እንዳይነክሰው በሁለቱም ወገን ወፍራም ቆዳ አደረጉ፤ የተንሸራታቹ ውስጥ ባዶ ስለ ሆነ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ እንዳይጨፈለቅም በልኩ የተጠረበ የወይራ እንጨት አስገቡበት። ሞርሳው የያዘውም ከቦዩ ሥር ቀርቦ ነው፤ ርቆ ቢይዝ የምቱ ኃይል ብረቱን ሲያነጥረው ይባክናልና። ከዚህ በኋላ በቀጭን መፋቂያ ሁለቱ ጉድጓዶች አጠገብ የተጨፈለቀውን ጠርዝ ብቻ በጥንቃቄ አነሡ። ጭረቱን ግን አልነኩትም።

ቀጥሎ ከናስ የተሠራ ዘንግ አመጡ። ናስ ከአረብ ብረት የለሰለሰ ስለ ሆነ፣ ሲመታ የሚጐዳው ራሱ ነው እንጂ የሽጉጡ አካል አይደለም። የዘንጉን ጫፍ በማነጣጠሪያው እግር ላይ፣ ከቦዩ ጋር አጠጋግተው ዝቅ አድርገው አስቀመጡት። ከፍ አድርጎ ጫፉን መምታት ማነጣጠሪያውን ስለሚያጋድለው፣ ያጋደለ ነገርም በቦዩ ውስጥ ይበልጥ ስለሚነክስ ነው። አቅጣጫውም በዘፈቀደ አልነበረም። በብረት ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሽጉጡን ተኳሽ እንደሚይዘው ይዘው ከኋላ ሲመለከቱት፣ ማነጣጠሪያ የሚወጣው ከግራ ወደ ቀኝ፣ የሚገባውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሁሉም ፋብሪካ ይህን ልማድ አይጠብቅም፤ ስለዚህ አዛውንቱ የቦዩን ሁለት አፎች አስቀድመው ለክተው ነበር።

መዶሻው ከጠበቅነው የከበደ ነበር። የአክስታችን ልጅ በትንሽ መዶሻ ብዙ ጊዜ መትቶ ያልሆነለት ስለ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። ቀላል መዶሻ ደጋግመው ሲመቱበት፣ ኃይሉ ላይ ላዩን ቀርቶ የብረቱን ፊት ያጠፍፈዋል፤ የተጠፈጠፈው ብረትም እየሰፋ ይበልጥ ይጠብቃል። ከባድ መዶሻ ግን ከቅርብ ተነሥቶ በአጭሩ ሲያርፍ፣ ግፊቱ ጠቅላላውን አካል ያንቀሳቅሰዋል። አዛውንቱ አንድ ጊዜ መቱ፤ ቆመው ተመለከቱ። ሁለተኛ መቱ፤ አሁንም ተመለከቱ። በአራተኛው ምት ድምፁ ተለወጠ፤ ድፍን የነበረው ድምፅ ጥርት ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ «ለቀቀ» አሉ፤ በዓይን ግን ገና ምንም አልታየም ነበር። ከዚያ በኋላ በጥቂት ምት ማነጣጠሪያው በቀኝ በኩል ወጥቶ በመዳፋቸው ላይ ወደቀ።

በዚህ መንገድ እንቢ ቢል ኖሮ ሌላ ዘዴ እንዳለ ገልጸውልናል። አንዱ፣ በጠመዝማዛ ብሎን ቀስ እያለ የሚገፋ መግፊያ ነው፤ ምት የሌለበት ስለ ሆነ በልኩ ለማስቀመጥ ከመዶሻ ይመረጣል። ሌላው ሙቀት ነው። በዘመናችን አንዳንድ ማነጣጠሪያ በማጣበቂያ ስለሚያዝ፣ ማጣበቂያውን የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው። ነገር ግን የተወለወለ አረብ ብረት በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደ ገለባ ይቢጫል፤ በ300 ገደማም ይሰማያዊያል። ከዚህ እያለፈ በሄደ መጠን ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። አሮጌ ሽጉጥ ላይ እሳት ማቅረብ፣ አንዱን ችግር ለማቃለል ሌላ የማይመለስ ችግር መግዛት ነው።

ቦዩ ሲታይ ዝገቱ ገና አልዘለቀም ነበር። አንድ ክረምት ቢጨመርበት ግን ጠርዙን በበላው፣ ከጠርዙም ጋር ያንን የመርፌ ጭረት በወሰደው ነበር። ታላቋ አክስታችን አይነካ ያሉት ነገር ባለመነካቱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የአክስታችን ልጅም በመጋዝ ቢቈርጠው ኖሮ፣ የተቈለፈበት ምክንያት ሳይታወቅ ቍልፉ በተጣለ ነበር። አዛውንቱ ዝገቱን ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው፣ ማነጣጠሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ አስገቡት፤ በመርፌ የተጻፈው ጭረት ከጭረት ጋር ሲገጥም እጃቸውን አነሡ። ቦዩ ገና ጥብቅ ስለ ነበረ እንደገና በሹል ብረት መቈለፍ አላስፈለገም። አጎታችን ሽጉጡን ተቀብለው ወደ ግድግዳው አነጣጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ለእኔ እጅ አይደለም» ብለው ወደ ሣጥኑ መለሱት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን «ጠማማው» የሚል ስም ተነሥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የምናገኘው ትምህርት ለብረት ሠሪ ብቻ የሚሆን አይደለም። እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየመሥሪያ ቤታችን ከቀደሙን የምንረከበው ብዙ የተዛነፈ ነገር አለ። በመዝገብ ቤት ከፊደል ተራ ወጥቶ የተቀመጠ ፋይል፣ በቅጽ ላይ ለምን እንደ ተጨመረ የማይታወቅ አንድ ዓምድ፣ ከሁለት ፊርማ በኋላ ሦስተኛ የሚጠይቅ ልማድ፣ እነዚህን የመሳሰሉ ሁሉ አዲስ ለገባ ሠራተኛ ጠማማ ሆነው ይታዩታል። ከእነዚህ መካከል ብዙው በእርግጥ ዝገት ነው፤ ሥራን ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም፤ ሊጠረግም ይገባዋል። አንዳንዱ ግን የአንድ የተጐዳ እጅ ምልክት ነው። ቀድሞ አንድ ጉዳት ደርሶ፣ አንድ አስተዋይ ሰው ለዚያ ጉዳት መድኃኒት እንዲሆን አስቦ ያዛነፈው ነው።

ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ የሚቻለው፣ ሁሉን አይነካ ብሎ በመከልከልም ሁሉን በመጋዝ በመቍረጥም አይደለም። የሚቻለው ባዶ መሆኑን በራስ ጣት በማረጋገጥ፣ ዘይቱ እስኪገባ በመታገሥ፣ በየት በኩል እንደ ገባ በመጠየቅና ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቆሞ በመመልከት ነው። ዝገቱ ተጠርጎ ከሥሩ ጭረት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ጭረቱን ያሰመረው ሰው ምን ጐድሎበት እንደ ነበረ መርምሮ ማወቅ ከእኛ ይጠበቃል። ምክንያቱ ዛሬም ያለ ከሆነ ነገሩን ወደ ነበረበት እንመልሰው፤ ምክንያቱ ያለፈ ከሆነም ለእኛ እጅ በሚስማማ ቦታ እናስቀምጠው፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውም እንዲረዳው የራሳችንን ጭረት በግልጽ እናስምርበት።